ሠላሳ ሁለተኛው ባዶ እጅ

(ሞጆ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የጋሽ በዳዳ ጸጉር ቤት፤ ዘውገ ፊቱ በሳሙና አረፋ ተሸፍኖ ስልኩን ይዞ ተቀምጧል፣ ሽማግሌው በዳዳ ምላጭ ይዞ ከኋላው ቆሟል።)

ዘውገ፦ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቅኩህ። ጥሩ ካርታ ሲደርሰው ምን ያደርጋል? ይስላል? እግሩን ያወዛውዛል?

በዳዳ፦ አንገትህን ቀና አድርግ። ምላጭ ይዣለሁ።

ዘውገ፦ በየማክሰኞው እዚሁ ወንበር ላይ ሆኖ በስልኩ ፖከር ሲጫወት በመስታወቱ ታየዋለህ። ለእኔ ፎቶውና ስሙ ብቻ ነው የሚታየኝ። ምናለ ብትነግረኝ?

በዳዳ፦ የአቶ መንበሩን ነገር አትጠይቀኝ ብዬሃለሁ። እዚህ ወንበር ላይ የተወራም የታየም ከጸጉሩ ጋር ተጠርጎ ይወጣል። ያንተንስ ለሰው አውርቼ አውቃለሁ?

ዘውገ፦ የእኔ ምን የሚወራ አለው!

በዳዳ፦ ሚስትህ ጥላህ የሄደች ሰሞን እዚሁ ተቀምጠህ...

ዘውገ፦ እሺ፣ እሺ! በቃ!

በዳዳ፦ አየህ፣ ዝም አይነቅዝም።

ዘውገ፦ ቆይ፣ ካርታ ታደለ። ሁለትና ሰባት ደረሰኝ።

በዳዳ፦ ጥሩ ነው?

ዘውገ፦ ከዚህ የከፋ ጥንድ ካርታ ውስጥ የለም። ብር ጨመርኩበት።

በዳዳ፦ ከሁሉ የከፋውን ይዘህ ትጨምራለህ?

ዘውገ፦ ዘጠኝ ሰው የተቀመጠበት ጠረጴዛ ቢሆን እብድ በለኝ፤ ከዘጠኙ አንዱ ዘንድ ደህና ነገር አይጠፋም። እኛ ግን ሦስት ነን። ሦስት ሰው ሲሆን ብዙውን ጊዜ ሁሉም ባዶውን ነው። ሁሉም ባዶ ከሆነ ደግሞ ቀድሞ የጮኸ ይወስዳል።

በዳዳ፦ ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ።

ዘውገ፦ ተነጠፈለት ወይስ አልተነጠፈለትም?

በዳዳ፦ ወይ አንተ!

ዘውገ፦ ይኸው፣ ሦስተኛው ሰውዬ ፈርቶ ካርታውን ጣለ። እኔና መንበሩ ቀረን። እሱ እኩል ብር አስይዞ ተከተለኝ። ልማዱ ነው፤ እየጨመርኩ እስከ መጨረሻው ይከተለኝና ልክ መጨረሻ ላይ ጥሎ ይሸሻል። ደግሞ ብሩ ከተከመረ በኋላ!

በዳዳ፦ ስንት ብር ሆኖ ነው? የሻይ ገንዘብ አይደል እንዴ?

ዘውገ፦ ብሩን ማን አየው?

በዳዳ፦ እንግዲያው ተወው። የዕድሩ ስብሰባ በዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ጺምህን ልጨርስልህና ሂድ።

ዘውገ፦ ለስብሰባው ነው እኮ የምጫወተው! ዛሬ ሊቀ መንበር አድርገው ሊመርጡት አይደለም? ያጨብጭቡለት። ጭብጨባው ሲያበቃ እኔ እነሳለሁ። ስልኬን ከፍ አድርጌ ‹ጎበዝ፣ ይህ የመረጣችሁት ሰው አራት ወር ሙሉ በባዶ እጄ ያባረርኩት ፈሪ ነው› እላለሁ። ሠላሳ አንድ ጊዜ! ፎቶ አንስቼ አስቀምጫለሁ፤ ሠላሳ ሁለተኛውን ትኩስ ትኩሱን ዛሬ እጨምርበታለሁ።

በዳዳ፦ የምኑን ፎቶ?

ዘውገ፦ የካርታዬን። እሱ ጥሎ ሲሸሽ ካርታዬን ገልጬ አሳየዋለሁ። ሁለትና ሰባት፣ ሦስትና ስምንት፣ ምኑም ምኑም።

በዳዳ፦ መግለጥ ግዴታ ነው?

ዘውገ፦ ግዴታ አይደለም። ብልጥ ሰው ደብቆ ብሩን ይወስዳል። እኔ ግን እንዲያውቀው እፈልጋለሁ። በምን እንደተመታ ካላወቀ መምታቱ ምን ይረባኛል?

በዳዳ፦ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለአንድ ወረቀት!

ዘውገ፦ አንድ ወረቀት አልከው? አንተም?

በዳዳ፦ አትንቀሳቀስ።

ዘውገ፦ ከረጢት ፋብሪካው ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ማሽን ላይ ቆሜያለሁ። ማሽኑ ሲያስነጥሰው የት እንዳመመው የማውቅ እኔ ነበርኩ። የሺፍት ኃላፊነቱ ለእኔ እንደሚገባ የጥበቃው ውሻ ሳይቀር ያውቅ ነበር። እሱ አስተዳደር ሆኖ መጣና አንድ ወረቀት አቀበለኝ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ። ‹እስቲ ጎበዝ፣ አንብብልን› አለኝ፣ አርባ ሰው ፊት። ከስድስተኛ ክፍል ማቋረጤ ፋይሌ ላይ ተጽፏል፤ ፋይሌ ደግሞ በእጁ ነው! ከድንጋጤዬ ወረቀቱን ዘቅዝቄ ይዤው ነበር ጋሽ በዳዳ። አንዱ ‹ኧረ ገልብጠው!› ሲል ነው ያወቅኩት። ከዚያ ወዲያ ሳቁን ብቻ ነው የማስታውሰው። ቦታውን ለእህቱ ልጅ ሰጠው፤ ማሽኑን በየት በኩል እንደሚያስነሱት ለማያውቅ ለእህቱ ልጅ።

በዳዳ፦ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ዘውገ፦ ተባረክ! ይህን ነው የምለው።

በዳዳ፦ የወጋም ላይረሳ ይችላል።

ዘውገ፦ ምን አልክ?

በዳዳ፦ ጉንጭህን ንፋ አልኩህ።

ዘውገ፦ የሁላችን የጋራ የሆነ ሦስት ካርታ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ። አስ፣ ንጉሥና ስምንት። ከእኔ ሁለትና ሰባት ጋር ዘመድም ጎረቤትም አይደሉም። ጨመርኩ።

በዳዳ፦ አሁንም?

ዘውገ፦ አስ የያዝኩ እንዲመስለው ነው። ተከተለኝ። ና፣ ና የኔ ጌታ።

በዳዳ፦ ዘውገ፣ እባክህን ስብሰባው ላይ አትነሳ።

ዘውገ፦ ለእሱ አዝነህ ነው? የጸጉር ቤቱን የንግድ ፈቃድ ስታወጣ ከረዳህ ጀምሮ ስሙ ሲነሳ ድምፅህ ይለሰልሳል።

በዳዳ፦ አዎ፣ ረድተውኛል። የማዝነው ግን ላንተ ነው።

ዘውገ፦ እኔ አሁን የሚታዘንልኝ ሰው ነኝ? አራተኛው ካርታ ወጣ። አራት። ምንም አይጠቅመኝም። ጨመርኩ። ተከተለኝ። የመጨረሻው ብቻ ቀረ።

በዳዳ፦ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንድ ውሻ ሠላሳ አንድ ጊዜ ቢጮህብህ፣ ሠላሳ አንድ ጊዜም አፉን ከፍቶ ጥርስ እንደሌለው ቢያሳይህ፣ በሠላሳ ሁለተኛው ትሮጣለህ?

ዘውገ፦ እኔ ምን በወጣኝ!

በዳዳ፦ አቶ መንበሩስ ለምን ይሮጣሉ?

ዘውገ፦ ፈሪ ስለሆነ ነዋ!

በዳዳ፦ ሠላሳ አንድ ጊዜ ባዶ እጅህን አሳየኋቸው አልክ። በአራተኛው፣ በአምስተኛው ልጅ እንኳ ይነቃል። እሳቸው ያን ሁሉ ፋብሪካ ያስተዳደሩ ሰውዬ አልነቁም?

ዘውገ፦ እስቲ ምላጩን ከአንገቴ ላይ አንሳልኝ።

በዳዳ፦ አነሳሁ። ሁለት ንጉሥ መያዝ ጥሩ ነው?

ዘውገ፦ ከሁለት አስ በቀር የሚበልጠው የለም። ለምን ጠየቅኸኝ?

በዳዳ፦ ባለፈው ማክሰኞ ሁለት ንጉሥ ይዘው ሳሉ በመስታወት አየኋቸው። አንተ ስትጨምር እስከ መጨረሻው ተከተሉህ፤ ከዚያ ጣሉት።

ዘውገ፦ ለእኔ? እኔ መሆኔን በምን ያውቃል? በስሜ አልገባሁ፣ ፎቶዬን አላደረግኩ!

በዳዳ፦ በምን ስም ነው የገባኸው?

ዘውገ፦ ሺፍት ኃላፊ።

በዳዳ፦ ታዲያ በሞጆ ከተማ ሺፍት ኃላፊ ሳይሆን የቀረ፣ ይህንንም አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲያወራ የኖረ ስንት ሰው አለ? የመጀመሪያው ቀን ነው ያወቁህ። ‹ለምን ይጥሉለታል?› ብዬ ብጠይቃቸው፣ ‹ያን ቀን እኔም አብሬ ስቄበታለሁ፤ ደስ እስኪለው ይርገጠኝ› አሉኝ። ለማንም እንዳልናገር አስምለውኛል። ይኸው ሠላሳ ዓመት የጠበቅኩትን የወንበሬን ቃል አፈረስኩ።

ዘውገ፦ ይርገጠኝ?

በዳዳ፦ እንደዚያ ነው ያሉት።

ዘውገ፦ እኔን አርባ ሰው ፊት አዋርዶ እሱ ማንም በማያየው ስልክ ውስጥ ይረገጣል? ይህ ካሳ ነው? ምጽዋት ነው! ሠላሳ አንድ ጊዜ እጁን ዘርግቶ መጸወተኝ፣ እኔ ደግሞ ደረቴን ነፍቼ ፎቶ አነሳሁ! በየቀኑ እየከፈትኩ የማየው እኮ ነው፣ እንደ ልጅ ፎቶ!

በዳዳ፦ ስብሰባው ላይ ብትነሳ እሳቸው ዝም ነው የሚሉህ፤ አውቃቸዋለሁ። ግን ከሕዝቡ መካከል ጨዋታውን የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ፎቶህን አይቶ አሁን እኔ የጠየቅኩህን ይጠይቅሃል። ወረቀቱን ሁለተኛ ዘቅዝቀህ እንዳትይዝ ብዬ ነው።

ዘውገ፦ አምስተኛው ካርታ ወጣ። ንግሥት። ተራው የእኔ ነው፤ ሰዓቱ እየቆጠረ ነው።

በዳዳ፦ ጣለው በቃ። ሁለትና ሰባትህን ጥለህ ተነሣ፣ ፊትህን ታጠብ።

ዘውገ፦ ያለኝን ሁሉ አስገባሁ።

በዳዳ፦ አንተ ሰው! ምን ስነግርህ ነው የቆየሁት? ይጥሉልሃል እኮ!

ዘውገ፦ ቆይ፣ ጨዋታው መጻጻፊያ አለው። እየጻፍኩለት ነው። ‹አቶ መንበሩ፣ ዘውገ ነኝ። ባዶ እጄን ነኝ። እንዳይጥሉልኝ።›

በዳዳ፦ ካርታህን ነገርካቸው? የአራት ወር ጨዋታህን በአንድ ጊዜ?

ዘውገ፦ የእኔ መቼ ሆነና! የሰጠኝ ነው፤ ይውሰደው። እንደ ሰው ይምታኝና ይውሰደው።

በዳዳ፦ ምን አሉ?

ዘውገ፦ ለመወሰን ሃያ ሰከንድ አለው። አሥራ ስምንት።

በዳዳ፦ ምናልባት አላዩት ይሆናል።

ዘውገ፦ አይቶታል። አሥራ ሁለት። ጋሽ በዳዳ፣ ዛሬም ከጣለልኝ ቤቱ ድረስ ነው የምሄደው።

በዳዳ፦ ተረጋጋ፣ አትወዛወዝ። ገና ግማሽ አገጭህ ይቀረኛል።

ዘውገ፦ ሰባት። ስድስት። ምን ያስባል ይህ ሰውዬ? ባዶ ነኝ አልኩት እኮ! ሦስት። ሁለት...

በዳዳ፦ ምን ሆነ? ኧረ ተናገር!

ዘውገ፦ ገባ።

በዳዳ፦ ገባ ማለት?

ዘውገ፦ አልጣለም! ተከተለኝ! ካርታው ይኸው ተገለጠ፤ አንድ ስምንት ይዞ ከጠረጴዛው ስምንት ጋር ጥንድ ነው ያለው፣ ሌላ ምንም የለውም። በጥንድ ስምንት ጠራርጎ በላኝ! አንድ ሳንቲም አላስቀረልኝም!

በዳዳ፦ አትሳቅ እንጂ! ይኸው ደማህ።

ዘውገ፦ ይድማ።

በዳዳ፦ እንካ ጥጥ፣ ያዝበት። ሌላ ምንም አልጻፉልህም?

ዘውገ፦ ጻፈ። ‹ዘውገ፣ ሁለትና ሰባት ይዞ ሰው ላይ አይወጣም። ጨዋታውን ጨርሶ አትችልበትም።›

በዳዳ፦ ውይ! ተሳደቡ እንዴ?

ዘውገ፦ ሰደበኝ! በስሜ ጠርቶ ሰደበኝ!

በዳዳ፦ ታዲያ ስብሰባውስ? አሥር ደቂቃ ነው የቀረው። ምን ልትል ነው?

ዘውገ፦ የቀረውን ጎን ቶሎ ላጭልኝ፣ እንዳይረፍድብኝ። መልሱን ልኬለታለሁ።

በዳዳ፦ ምን ብለህ?

ዘውገ፦ ‹በምርጫው ድምፄን አያገኙም። ከጎንዎ ግን ወንበር ይያዙልኝ፣ ሰው ሁሉ የሚያየን ቦታ።›