በማያው ጥግ ያለው ቁጥር

ወጣቷ የቼዝ ክበቡን ደረጃ ስትወጣ አጎቷ ኮምፒውተራቸውን ታቅፈው ሲወርዱ ተገናኙ። ክበቡን በየዓመቱ ቼዝ በሚጫወቱ ፕሮግራሞች ውድድር የሚወክለውን ፕሮግራም የጻፉት እሳቸው ናቸው። እሷ ደግሞ ሙያውን ዩኒቨርሲቲ ተምራ የራሷን ጽፋለች። ነገ የማን እንደሚገባ የሚወስኑትም እሳቸው ነበሩ።

«የአንቺን ሞከርኩት» አሉ ዓይኗን ሳያዩ። «ቀንድ አውጣ ነው። የኔ ይገባል።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን አንገቷን ደፍታ ታልፍ ነበር። ዛሬ መሃል ደረጃው ላይ ቆመች። «ሁለቱን ሳያወዳድሩ አያልፉም፣ ጋሼ።»

«ዩኒቨርሲቲ መንገድ መዝጋትም ያስተምራሉ?» አሉ እያጉረመረሙ። ቢሆንም ተመለሱ።

በኮምፒውተራቸው ማያ ጥግ፣ ፕሮግራሙ በሴኮንድ ስንት የጨዋታ አቋም እንደመረመረ የሚያሳይ ቁጥር አለ። አጎቷ ይህን ቁጥር እንደ ልጅ ያሳደጉት ነው። ከፍ እንዲል ሲሉ እንቅስቃሴዎችን ከጥሩው ጀምሮ በቅደም ተከተል የሚደረድረውን ክፍል ሳይቀር ጊዜ ይበላል ብለው አውጥተው ጥለዋል።

«ጥሩው እንቅስቃሴ ቀድሞ ከተገኘ ከሱ የሚያንሰውን የጨዋታ ቅርንጫፍ እስከ ጫፉ መከተል አያስፈልግም፤ እዚያው ይቆረጣል» አለች። «የርስዎ ግን የመጣለትን ሁሉ ይከተላል። ይሮጣል እንጂ የት እንደሚሮጥ አያውቅም።»

«አንቺስ? ጫማ እንደሚገዛ ሰው ስታማርጪ ሰዓቱ ያልቅብሻል።»

ይህ እውነት ነበር፤ አልካደችም። ጨክና ያለፈውን ዓመት ሽንፈታቸውን በማያው ገበታ ላይ ደረደረችው፤ ፕሮግራማቸው አንዲት ወታደር በልቶ ንግሥቱን ያስበላበትን ጨዋታ። ለሁለቱም ፕሮግራሞች እኩል ጊዜ ሰጠች።

የአጎቷ ቁጥር ጋለበ። ጊዜው ሲያልቅ ፕሮግራማቸው ያችኑ ወታደር በላ። የሷ እየተንፏቀቀ ቢሆንም የማይረባውን እየቆረጠ ጥቂት እንቅስቃሴዎች ወደፊት አርቆ አየ፤ ወታደሯን ትቷት ንግሥቱን አሸሸ።

አጎቷ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ሽንፈቱን ዓመት ሙሉ የዕድል ጉዳይ ነው ስል ከረምኩ» አሉ። «ነገ የአንቺ ይገባል። ግን ድርደራሽን አቅልዪው። የሚበላውን እንቅስቃሴ አስቀድሚ፣ ሌላውን ሁሉ አትመዝኚ። እኔ ማፍጠኑን አውቅበታለሁ።»

እስኪመሽ አብረው ሠሩ። ድርደራው ሲቀል ቁጥሩ ጥቂት ከፍ አለ፤ የማይረባው ቅርንጫፍም መቆረጡ አልቀረም። ፍጥነት ብቻውን ስህተት ላይ ቶሎ ከመድረስ በቀር ምንም አላተረፈላቸውም ነበር፤ ምርጫ ብቻውንም ሰዓቷን ይበላባት ነበር። አሁን ፕሮግራሙ በተሰጠው ሰዓት ውስጥ ከቀድሞዎቹ ከሁለቱም አርቆ ያይ ነበር።

አጎቷ ሊወጡ ሲነሱ ከመሳቢያ ወረቀትና ማጣበቂያ አውጥተው የማያውን ጥግ ሸፈኑት።

«ምነው ጋሼ?»

«ነገ ቁጥሩን ሳይ ጨዋታው እንዳያመልጠኝ።»