ቪዛ ለባልና ሚስት

ጆሮዬ ሚስቴ ስትጠራኝ ደካማ ነው፤ ለሰው ወሬ ግን እንደ ጎረምሳ ይነቃል። ከጫጫ ወደ ደብረ ብርሃን በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡት ባልና ሚስት ሲጨዋወቱ አንድ ቃል አላመለጠኝም።

«ታይላንድ ሃምሳ ዓመት ለሞላው ሰው የጡረታ ቪዛ ትሰጣለች። ከምሠራበት የውጭ ድርጅት ጊዜዬ ሳይደርስ ጡረታ የወጣሁት ለዚሁ ነው። ይኼ ብርድ እዚሁ ይቅር።»

«መቼስ ለብርዱ ቪዛ አይሰጡትም።»

«ላንቺ ግን የጋብቻ ወረቀት ይጠይቃሉ።»

«ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር ወረቀት የጠየቀን አለ?»

«የለም። ለዚህ ነው ዛሬ ማዘጋጃ ቤት ገብተን እንፈርም የምልሽ።»

«ቆይ፣ አሁን እያገባኸኝ ነው?»

«እንደዚያ በይው።»

«ታክሲ ውስጥ? ሽማግሌ ሳትልክ?»

«ያኔ ልኬ የለም እንዴ!»

«ያኔ የላክሃቸው አንኮበር ትኖራለች ነው ያሉት። ታይላንድ የሚባል ነገር አላነሡም።»

ባል ሳቀ።

«አባትሽ አሁን በሕይወት የሉም። ማን ዘንድ ልላክ?»

«ልጃችን ዘንድ። ትተናት የምንሄደው እሷን አይደል? እሷ ከፈቀደችልህ እፈርማለሁ።»

ሳቁን አቆመ።

«እምቢ ብትልስ?»

«ያኔ ወፍራም ብርድ ልብስ እገዛልሃለሁ። እኔም አብሬህ አለሁ።»

«እሺ፣ እልካለሁ። ስንት ሽማግሌ ይበቃሻል?»

«ሦስት። ደግሞ ጨዋ ጨዋውን ምረጥ።»

እኔም ጋቢዬን አስተካክዬ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ቀስ ብዬ ጨዋ ሰው መምሰል ጀመርኩ።