የሦስት ሰዓቱ ወተት

በሕፃን ሞት ምርመራ የተሰጠ የምስክር ቃል

የቃል ሰጪ ስም፦ በምርመራ መዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የሰፈረ
ዕድሜ፦ 27
ሥራ፦ ቀያሽ መሐንዲስ
አድራሻ፦ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጀርባ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ የቤት ቁጥር 9
ቀን፦ ማክሰኞ የካቲት 11፣ ከጠዋቱ 4፡30 ሰዓት

እኔ ቃል ሰጪ፣ ዝም የማለት መብት እንዳለኝ ተነግሮኝ ዝም ማለት እንደማልፈልግ ገልጬ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

ልጄ የተወለደችው ጥር 14 ቀን በሰባተኛ ወሯ ሲሆን ክብደቷ አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ነበር። መጥባትና መዋጥ ስላልቻለች ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ክፍል ገብታ፣ በአፍንጫዋ በኩል ሆዷ በሚደርስ ቀጭን ቱቦ ከእኔ የታለበ ወተት በየሦስት ሰዓቱ ይሰጣት ነበር። ስም ገና አላወጣንላትም። ባለቤቴ ግን «ጉልቤ» ይላት ነበር፤ በመጀመሪያው ሳምንት ቱቦውን ሁለት ጊዜ በገዛ እጇ መዝዛ ስላወጣች ነው።

በክፍሉ ደንብ መሠረት ወተት ከመሰጠቱ በፊት ነርሷ በሲሪንጅ ከቱቦው ጥቂት ፈሳሽ ስባ፣ ቀለም በሚቀይር ወረቀት ላይ አድርጋ፣ ቱቦው ሆድ ውስጥ መሆኑን ማረጋገጥ አለባት። ከዚያም በአልጋው ግርጌ በተሰቀለው ቅጽ ላይ ትፈርማለች። ነገር ግን ለአሥራ አራት ሕፃናት የምትመደበው አንዲት ነርስ ስለሆነች ወተቱን የምናፈስሰው እኛ እናቶች ነን። ሲሪንጁን ከፍ አድርገን እንይዛለን፤ ወተቱ ሳይገፋ በራሱ ይወርዳል። ይህን ያስተማረችኝ ተረኛዋ ሲስተር ራሷ ናት። ለሃያ ሦስት ቀናት ሳደርገው ተይ ያለኝ ሰው የለም።

የካቲት 7 ቀን ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2፡50 ሰዓት ላይ ወተቴን አልቤ ወደ አልጋዋ ስደርስ ቱቦውን ከአፍንጫዋ ጋር የሚያጣብቀው ፕላስተር እንደተቀየረ አየሁ። ቱቦው ላይ በሴንቲሜትር የተጻፉ ቁጥሮች አሉ። ከአፍንጫዋ ጫፍ ጋር የሚገጥመው ቁጥር ሁልጊዜ 17 ነበር፤ በዚያን ጠዋት 14 ሆኗል። ሥራዬ መለካት ስለሆነ በዚህ አልሳሳትም። በአጠገቤ ለነበረችው የመንታዎቹ እናት አሳየኋት፤ እሷም አየች። ሲስተርን ጠርቼ ቱቦው ሦስት ሴንቲሜትር እንደወጣ ነገርኳት። የሌላ ሕፃን የደም ሥር እየፈለገች ስለነበር ሳትዞር፣ «ኢንጂነር፣ ዛሬ ደግሞ እኛን መቀየስ ጀመርሽ?» አለችኝ።

«ኧረ ሲስተር፣ መጥተሽ እዪው፤ አንድ ደቂቃ ነው» አልኳት።

«ቅጹን አታዪም እንዴ? አረጋግጬ ፈርሜያለሁ እኮ! ስጫት በቃ፣ ሳይቀዘቅዝ» አለች።

የመንታዎቹ እናት «ተያት የኔ እናት፣ ዛሬ በግራ ጎኗ ነው የተነሳችው» ብላ በጆሮዬ ስታንሾካሹክልኝ ሳቅሁ። መሳቄም ይመዝገብልኝ።

ቅጹን አየሁ። በ3፡00 ሰዓት መስመር ላይ ፊርማው አለ። በዓይኔ ያየሁትን ትቼ ፊርማውን አመንኩ። አሥራ ስምንት ሚሊ ሊትር ወተት ማፍሰስ ጀመርኩ። ግማሹ ሲወርድ ማሳል ጀመረች፤ ከንፈሯ ጠቆረ። ሲሪንጁን ነቅዬ ጮኽኩ። ሲስተር ሮጣ መጣች፤ ሐኪም ተጠራ፤ ሳንባዋ የገባውን ወተት በመሣሪያ ለመሳብ ሞከሩ። 4፡40 ሰዓት ላይ ሐኪሙ መሣሪያውን አጥፍቶ ወደ እኔ ዞረ። ሲስተር ግድግዳ ይዛ ስታለቅስ አይቻለሁ፤ ያየሁትን አልደብቅም።

ሐኪም ቤቱ ለፖሊስ በጻፈው ደብዳቤ «እናትየዋ የባለሙያ ትእዛዝ ሳትጠብቅ በራሷ ፈቃድ ወተት ሰጥታለች» ማለቱ ተነብቦልኛል። ሐሰት ነው። ከአልጋው ላይ ጠፋ የተባለውን ቅጽ በተመለከተ ለቀረበልኝ ጥያቄ፣ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ልጄን ሲጠቀልሏት ከአልጋው ነቅዬ በሹራቤ ውስጥ ይዤው ወጣሁ። ስርቆት ከሆነ ልጠየቅበት። ዛሬ ዋናውን ለመርማሪው አስረክቤያለሁ።

በቅጹ ላይ የ3፡00 ሰዓቱ ብቻ ሳይሆን የ6፡00፣ የ9፡00 እና የ12፡00 ሰዓቱም «ቱቦው ተረጋግጧል» ተብሎ በአንድ እጅ፣ በአንድ እስክሪብቶ ተፈርሟል። ጠዋት ሲገቡ የቀኑን ሁሉ በአንድ ጊዜ እንደሚፈርሙ አላውቅም ነበር። ዓይኔን አንድ መስመር ዝቅ ባደርግ ኖሮ አውቅ ነበር። በወረቀቱ መሠረት ልጄ ከሞተች በኋላ ሦስት ጊዜ ቱቦዋ ለወተት ተመርምሯል።

ዛሬ 6፡00 ሰዓት ላይ ወተቴ ልብሴን ስላረጠበው ቃል መስጠቱ ለሃያ ደቂቃ ተቋርጧል። ምክንያቱ «ሕመም» ተብሎ እንዳይጻፍ ጠይቄያለሁ። የምግብ ሰዓቷ ነው።

የመንታዎቹ እናት ተጠርታ ያየችውን እንድትናገር፣ ሲስተር ብቻ ሳትሆን ለአሥራ አራት ሕፃናት አንዲት ነርስ የመደበው ኃላፊም እንዲጠየቅ አመለክታለሁ። ወተቱ የወረደው በእኔ እጅ ነው፤ የትም ብጠየቅ አልክድም። መርማሪው መጀመሪያ «በራሴ ፈቃድ» ብሎ የጻፈውን አልፈርምም ስላልኩ ተሰርዞ «ሲስተር ስጫት ስላለችኝ» በሚል ተስተካክሏል።

ይህን ቃል ሌላ ሰው እንዲያነብልኝ አልፈለግሁም። እያንዳንዱን መስመር በጣቴ እየተከተልኩ እስከ ታች ራሴ አንብቤ፣ ያየሁትና ያደረግሁት ይኸው መሆኑን አረጋግጬ፣ ከዚያ በኋላ ፈርሜያለሁ።

የቃል ሰጪ ፊርማ፦ ተፈርሟል
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ተፈርሟል
የተፈረመበት ሰዓት፦ 7፡15 (በቃል ሰጪዋ ጥያቄ፣ ከተፈረመ በኋላ የተሞላ)