ጋሽ ተስፋጽዮን ማሰሪያ ሲቀይሩ

አንድ የየካቲት ቅዳሜ ጠዋት፣ ኦስሎ ውስጥ ማዮርስቱን ባቡር ጣቢያ ላይ፣ ሁለት ሐበሾች ስኖውቦርዳቸውን፣ ያንን የበረዶ መንሸራተቻ ሰሌዳ፣ ታቅፈው ሳይተያዩ ጎን ለጎን ቆመው ነበር። አንደኛው ጋሽ ተስፋጽዮን ናቸው፤ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው፣ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ባለሙያ። ሌላዋ የሺእመቤት ናት፤ ምሕንድስና ለማጥናት ከአምስት ዓመት በፊት ኦስሎ የመጣች፣ በትርፍ ጊዜዋ የበረዶ ስፖርት ዕቃ ማከራያ ቤት የምትሠራ ወጣት። ባቡሩ ባይዘገይ ኖሮ በተለያየ በር ገብተው ይተላለፉ ነበር።

«እንዴ! የሺ! አለሽ እንዴ?» አሉ ጋሽ ተስፋጽዮን ዞር ብለው።

«ውይ ጋሼ! እንደምን አደሩ?» ብላ ጎንበስ አለች።

«እግዜር ይመስገን። ሁለት ክረምት ሙሉ ድምፅሽ ጠፋ። ቡድናችንን ንቀሽ ከፈረንጆቹ ጋር ገጠምሽ አሉ።»

«ኧረ በሞትኩት! ሥራ በዝቶብኝ እንጂ» አለች፤ ዓይኗ ግን ሐዲዱ ላይ ነበር።

ቡድን ያሉት የቅዳሜውን ቡድን ነው። ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው። ከአሥራ አንድ ክረምት በፊት አንድ የሥራ ባልደረባቸው «እናንተ በረዶን የምታውቁት በመስኮት ነው» ቢላቸው እልህ ያዛቸውና፣ ከአመሩድም ከግሩነርሎካም ሰፈር ሰው እየለመኑ ሰብስበው ትሪቫን ተራራ ላይ አወጡት። አሥራ ሰባት የደረሱበት ጊዜ ነበር። ዘንድሮ ከእሳቸው ጋር አምስት ቀሩ። በዚያች ጠዋት ደግሞ ኤልሮኢ ጉንፋን፣ ማኅደር ፈተና፣ ሐና እንግዳ፣ ኖኤል ሥራ ብለው አራቱም በመልእክት ቀሩ።

ባቡሩ ሽቅብ መውጣት ሲጀምር ጋሽ ተስፋጽዮን ነገሩን አወጡት። «ዛሬ የመጨረሻዬ ነው፣ የሺ። ማታ ለሁሉም እጽፍና ቡድኑን አፈርሰዋለሁ። ልጆቹ ሰነፉ። የእኔም ወገብ እንቢ ብሏል፤ በረዶ ላይ ቁጭ ብዬ እግሬን ከሰሌዳው ጋር አስሬ እስክነሳ ነፍሴ ትወጣለች።» እንደ ቀላል ነገር ሊሉት ነበር፤ አልሆነላቸውም። ከሳምንቱ ሰባት ቀን የሚወዱት ያንን አንድ ቀን ነበር።

የሺእመቤት ደነገጠች። እግሯ ሥር ያለውን ቦርሳ ከፈተችና «ጋሼ፣ እነዚህን አይተዋቸው ያውቃሉ?» አለች። «ፈጣን ማሰሪያዎች ናቸው። ቁጭ ሳይሉ፣ ቆመው የሚገቡባቸው። ለከርሞ የትኛውን ብናከራይ ይሻላል ብለው እንድፈትሻቸው ሰጥተውኝ ነው።»

«አውቃቸዋለሁ፤ የሰነፍ ዕቃ!»

«ለምን የሰነፍ ይሆናል?»

«እግር በሁለት ቀበቶ ጥብቅ ብሎ ካልታሰረ ሰሌዳው አይታዘዝም። ደግሞም በቀላሉ የሚገባ በቀላሉ ይወጣል። ቁልቁል እየበረርኩ ቢከፈት አጥንቴን ማን ይለቅምልኛል?»

«ፍርሃትዎ ተገቢ ነው» አለች በትሕትና። «ግን የመኪና በር በአንድ እጅ ይዘጋል፤ እየሄዱ ተከፍቶብዎት ያውቃል? መግቢያውና መቆለፊያው የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሚከፍተው ይቺ ማንሻ ናት፤ በእጅ ካልሳቧት አትላወስም።»

«ጥሩ። ምቾቱስ? እግር የሚያደነዝዝ ነገር አልፈልግም።»

«አሁን የሚያደነዝዝዎት የእግርዎን አናት አጥብቆ የሚጫነው ቀበቶ ነው። በየጊዜው በደነዘዘ ጣት ሲያስሩት ወይ ይጠብቃል ወይ ይላላል። እነዚህ አንዴ በልክዎ ከተስተካከሉ ሁልጊዜ ያው ናቸው።»

ጋሽ ተስፋጽዮን «እስቲ» አሉ። የእሳቸው «እስቲ» እሺ ማለት አይደለም። ሃያ ሰባት ዓመት ኖርዌይ ኖረው እንኳ እንደ አገሬው «ናይ»፣ አይሆንም፣ ማለትን አልለመዱም፤ እንቢታቸው ሁሉ «እስቲ» ነው።

ሰውን በገመድ ስቦ የሚያወጣው ሊፍት ተራራው ጫፍ ላይ ሲያደርሳቸው ብርዱ አሥራ አምስት ነበር፣ ከዜሮ በታች። ለሊፍቱ ሲባል የኋላው እግር ይፈታል፤ ስለዚህ ጫፍ በተደረሰ ቁጥር እንደገና መታሰር አለበት። ጋሽ ተስፋጽዮን እያቃሰቱ በረዶው ላይ ቁጭ አሉ። ጓንታቸውን አወለቁ። በረዶውን ጠረጉ፣ የመጀመሪያውን ቀበቶ ሳቡ፣ ተንፈስ አሉ፣ ሁለተኛውን ፈለጉ። ቀና ቢሉ የሺእመቤት ጎንበስ ብላ ማሰሪያዋን እየታገለች ነው። ደስ አላቸው፤ ወጣቷም ያው እንደሳቸው ናት። ቀጠሉ። እንደገና ቀና ቢሉ ያው እዚያው ናት።

«ምን ነካሽ፣ እልቅ አይልም? ያንቺው ነው ፈጣኑ?» አሉና አንገታቸውን አስግገው አዩ። ከሱሪዋ ጫፍ ሥር ያለው ማሰሪያ ቀበቶ የሚባል ነገር የለውም። ጫማዋ ላይ ያሉት መንጠቆዎች ገና ድሮ ቆልፈዋል።

«አንቺ! ምኑን ነው የምታስሪው?»

የሺእመቤት ቀጥ ብላ ቆመች። ፊቷ ቀላ። «ምንም፣ ጋሼ።»

«ምንም?»

«እርስዎ እስኪጨርሱ ነው። ቆሜ ባይዎት ያፍራሉ ብዬ።» ከዚያ ወዲያ መደበቅ አልቻለችም። «እኔ ብቻ አይደለሁም። ኤልሮኢም፣ ማኅደርም፣ ሐናም እንዲሁ ናቸው። ከኖኤል በቀር ሁሉም እንዲህ ያለ ማሰሪያ ከያዙ ቆዩ፤ ሱሪያቸው ይሸፍነዋል። እርስዎን ትቶ መውረድ ነውር መሰለን፤ ቆሞ ማየት ደግሞ የባሰ። እናም ጎንበስ ብለን የሌለ ቀበቶ እናጠብቃለን። አራት ደቂቃ፣ በየጉዞው። አንድ ቀን ሐና ጣቷ በርዶባት እያለቀሰች ወረደች። እኔ ሥራ አልበዛብኝም፣ ጋሼ። ብርዱን አልቻልኩም፤ ለመናገር ደግሞ አፈርኩ።»

«እና ሰነፉ የምላቸው ልጆች...»

«አልሰነፉም።»

አክብሮት መልካም ነው፤ ማንም አይክደውም። ግን እኛ ሰውን አክብረን አክብረን፣ እውነቱን ሁሉ ከአጠገቡ እናርቅና ብቻውን እንዲቀር እናደርገዋለን። እነዚያ ልጆች አንዲት ቃል ተናግረው ቢሆን ኖሮ ቡድኑ አይበተንም ነበር። አራት ደቂቃ ብርድ ችለው አንዲት ቃል መናገር አልቻሉም።

ጋሽ ተስፋጽዮን ተቆጡ፤ አፈሩም። ሁለተኛውን ቀበቶ ጎትተው አጠበቁና ወረዱ። ታች ሲደርሱ ግን ጠበቋትና «ያንን ማሰሪያሽን አምጪው» አሉ። «ግን አታባብዪኝ። ጉድለቱንም እንደዚያው እንድትነግሪኝ እፈልጋለሁ።»

«ያ! አዎ፣ በደስታ!» አለች ኖርዌይኛ ቀላቅላ።

ማረፊያው ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ሦስቱን ዓይነት አስረዳቻቸው። የመጀመሪያው እሷ ያሰረችው ዓይነት ነው፤ ከሁሉ የቀለለና ሰሌዳውን ቶሎ የሚያዝ፣ ግን የራሱን ጫማ ይፈልጋል። ሁለተኛው ከተረከዝ በላይ ያለው መደገፊያው ወደ ኋላ ይተኛና እግር ከኋላ ይገባል፤ ለመቆለፍ ግን ጎንበስ ማለት አለ። ሦስተኛው በማንኛውም ጫማ ይሠራል፤ ቀበቶው እንደታሰረ ይቀመጣል፣ ተረከዝ ሲረግጠው መደገፊያው ራሱ ተነስቶ ይቆልፋል።

«ለወገብዎ ይሄ ሦስተኛው ነው» ብላ በመፍቻ ገጠመችላቸው።

ያንኑ ቁልቁለት ሦስት ጊዜ ወረዱ፤ ፈተና ፈተና ነውና። በመጀመሪያው ቆመው ረገጡ፤ ቀጭ አለ። የሺእመቤት በስልኳ ለካች፤ ዘጠኝ ሰከንድ። «ከዚያ ውስጥ ስምንቱ ጥርጣሬ ነው» አለቻቸው፤ ሳቁ። ሲወርዱ ግን በጣታቸው በኩል ባለው የሰሌዳ ጠርዝ ሲዞሩ ሰሌዳው ትንሽ ዘገየባቸው። የቀበቶውን ማጥበቂያ አንድ ጥርስ አጠበቀችላቸው። በሁለተኛው ጉዞ መዞሩ ተስተካከለ፤ የእግራቸው አናትም አልታመመም። በሦስተኛው ረገጡ፤ አልቆለፈም። ደግመው ረገጡ፤ እንቢ።

«ይኸው! ይኸው! አላልኩሽም?» አሉ ድል እንዳደረገ ሰው።

«ብለዋል፤ እጽፈዋለሁ» አለች ማስታወሻዋን አውጥታ። «ከሥሩ በረዶ ሲጠቀጠቅ አይቆልፍም፤ አስቀድሞ መጥረግ ያስፈልጋል። ደግሞም ከድሮው ትንሽ ይከብዳል፤ ያልተረገጠ ጥልቅ በረዶ ላይም ቆሞ መግባት አስቸጋሪ ነው። አንድ ነገር አይርሱ፤ ድምፁን ብቻ አይመኑ፣ ተረከዝዎን ወደ ላይ ሳብ አድርገው ሳይሞክሩ አይነሱ።»

ጉድለቱን ሳትደብቅ መናገሯ ከጥቅሙ ይልቅ አሳመናቸው። ጠርገው ረገጡ፤ ቀጭ አለ። ተረከዛቸውን ሳቡ፤ ፍንክች አላለም። በዚያን ቀን ስምንት ጊዜ ወረዱ፤ በአሮጌው ማሰሪያ ከአራት አልፈው አያውቁም ነበር። ጓንታቸው አልወለቀም፣ ሱሪያቸው አልረጠበም፣ ወገባቸውም ማታ ሲያዩት በቦታው ነበር።

ያን ማታ ለቡድኑ የላኩት የድምፅ መልእክት ቡድኑን አላፈረሰም። «ልጆች» አሉ፣ «የሌለ ቀበቶ ማጥበቁ ይብቃ። ማሰሪያ ቀይሬያለሁ። ከአሁን በኋላ ጫፍ ላይ ማንም ማንንም አይጠብቅም፤ ታች እንገናኛለን። የበረደው በረደኝ ይበል። የጠፋችሁትም ተመለሱ፤ ጥፋቱ የእናንተ ብቻ አልነበረም።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዘጠኝ ሰው መጣ። ሊፍቱ ሲያደርሳቸው ጋሽ ተስፋጽዮን ጠረጉ፣ ረገጡ፣ ተረከዛቸውን ሳቡ። ቀና ቢሉ ስምንቱም በልማድ ጎንበስ ብለው ነበር። «ኧረ እናንተ ሰዎች!» ብለው ቀድመዋቸው ወረዱ።

ታች ሆነው ቆጠሩ። ሐና ደረሰች፣ ኤልሮኢና ማኅደር ደረሱ፣ የሺም መጣች፣ ሌሎቹም። ኖኤል የለም። በአሮጌው ማሰሪያ የቀረው እሱ ብቻ ነው። ነፋሱ ፊታቸውን ገረፈው። ጣቶቻቸው መደንዘዝ ጀመሩ። ለካ አራት ደቂቃ እንዲህ ረዥም ኖሯል! ስንት ክረምት ያስጠበቋቸውን ልጆች አንድ በአንድ አዩ።

ኖኤል እያለከለከ ደረሰ። «ይቅርታ ጋሼ፣ አስቆምኳችሁ?»

ሁሉም «ኧረ ምንም አይደል» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ጋሽ ተስፋጽዮን ቀደሟቸው።

«አዎ፣ ቆየህብን። እኔን በርዶኛል» አሉት፤ ትከሻውንም አቀፉት። «ና፣ የሺ ማሰሪያ ታሳይሃለች።»