ረቂቅ ስለተባለው ማንቆርቆሪያ የተደረገ ሙግት

የሰው ልጅ በአደራ የያዘ ሰው እንቅልፍ የለውም። እናቷ ሥራ ውላ እስክትመለስ የልጄን ልጅ የምጠብቃት እኔ ነኝና፣ ከትምህርት ቤት ያመጣችውን ሥዕል ሳይ ዝም ብዬ መቀመጥ አላስቻለኝም። ማንቆርቆሪያ ነው አለችኝ። ባገላብጠው እጀታ የለው፣ አፍ የለው፤ መሃሉ በውሃ የፈሰሰ ቀይ፣ ዙሪያው ግራጫ። ዓይኗን አሟት ይሆን ብዬ እጇን ይዤ ወደ መነጽር ቤት ገሠገሥኩ። እበሩ ላይ የሥዕል አስተማሪዋ የተሰበረ መነጽሯን ልታሠራ ቆማ አገኘኋት። ሰላምታዬን በወጉ ሳልጨርስ ወረቀቱን ዘረጋሁላት።

«ይሄ ረቂቅ ሥዕል ነው፣ እማማ» አለችኝ ዝቅ ብላ።

«ረቂቅ ከሆነ ንጹሑ የታለ? እኛ ደብዳቤ እንኳ ስንጽፍ ረቂቁን ቀደን ንጹሑን ነው የምንልከው። የልጅ ሥራ ሳያልቅ ወደ ቤት ይሰደዳል?»

«ነፍስ ረቂቅ ናት ሲባል፣ ገና አላለቀችም ማለት ነው እንዴ?»

ንዴቴ ባሰ። ነፍስን ከማንቆርቆሪያ ምን አገናኛት? በእኛ ጊዜ መስመር የሳተ ልጅ ማስመሪያ ይቀምስ ነበር። ከእንግዲህ በሥዕል ሰዓት ሒሳቧን ታጥና ብዬ ቁርጡን ነገርኳት። ልጅቷ ቀሚሴን ጨምድዳ ያዘች።

አስተማሪዋ ሳትቆጣ አስረዳችኝ። የሚፈላ ማንቆርቆሪያ ከተማሪዎቿ ፊት ታስቀምጥና ዓይናቸውን ታስጨፍናቸዋለች። ድምፁን ሰምተው፣ ሙቀቱን ከሩቅ ተቀብለው፣ እርጥብ ወረቀት ላይ ቀለሙን ይለቁታል። ቅርጹንማ ማንም ያውቀዋል፤ እሷ የምትፈልገው ልጁ ዘንድ የደረሰውን ነው።

«ካላመኑኝ ራሷን ይጠይቋት» አለች።

ቆጣ ብዬ ጠየቅኋት።

«ቀዩ ጩኸቱ ነው» አለች ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ። «ግራጫው አንቺ ነሽ። ሲፈላ እንዳያቃጥለኝ መሃል ትገቢያለሽ።»

ሥዕሉን ቀና አድርጌ ያዝኩት። መነጽር ሠሪው ብቅ ብሎ ሥዕሉን አየና ይቺስ ወፍራሙን መነጽር ትፈልጋለች ብሎ ሳቀ። ያን ጊዜ ንዴቴ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። የልጄ ዓይን ካንተ መስታወት ይበልጣል ብዬው ተመለስን።

በታተመ መስመር ውስጥ ቀለም ሲሞላ የሚያድግ ልጅ የሰው መስመር ይጠብቃል እንጂ የራሱን አይናገርም። የቤቱን ዕቃ ልብ ብሎ ማየት የለመደ ግን ያስተውላል፤ ቃል ያጣለትን ፍርሃትና ፍቅር አውጥቶ ያሳየናል። ይህን ቀለም ማባከን ነው ብሎ የሚከለክል ወላጅ አፍ ያለውን ልጅ ዲዳ ያደርጋል።

እቤት ስንደርስ ለነገ መቀስ ይዘሽ ነይ እንደተባለች ነገረችኝ። መቀሱን ከመሳቢያ አወጣሁ። ጫፉን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ደግሜ አስሬ፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተትኩላት።