የዳነችበት ቤት

ወደ ፈረንሳይ ሰፈር በሚወጣው ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡት ሁለት ሴቶች አይተዋወቁም። ወጣቷ በፌስታል የተጠቀለለ አዲስ ጃንጥላ ታቅፋለች።

«ስለት ነው እንዴ?» አሏት ትልቋ ሴትዮ።

«አዎ እማማ። አምና በጣም አሞኝ፣ እንጦጦ ጠበል ተጠምቄ ነው የዳንኩት።»

«እሰይ! ተመስገን ነው። የት አርፈሽ ነበር?»

«ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናት ቤት። ልብሴን እንኳ የሚያጥቡልኝ እሳቸው ነበሩ።»

«ጥዱ ዛፍ ስር ያለው ቆርቆሮ ቤት?»

«አዎ! ያውቋቸዋል?»

«ጎረቤቴ ናቸው። ከዳንሽ ወዲህ መጥተሽ ጠይቀሻቸዋል?»

«ኧረ አልመጣሁም። ስለቴን ሳላስገባ በምን ፊቴ ብዬ።»

«ስለቱ ለታቦቱ ነው። ለእሳቸውስ?»

«ስኳርና ሳሙና ልግዛላቸው?»

«እሱንማ ለጠበል የመጣ ሁሉ ይገዛል። ሴትዮዋ ወገባቸውን አሟቸው ውሃ መቅዳት ካቃታቸው ቆየ። ምንጩ ደግሞ ቁልቁለቱ ስር ነው።»

«አውቀዋለሁ። እኔ ተኝቼ፣ እሳቸው እየወረዱ በጀርባቸው ያመጡልኝ ነበር።»

«እንግዲያው ጃንጥላሽን አስገቢና ወደኛ ነይ። ጄሪካን እኔ አውስሻለሁ።»



«ስንቴ ልመላለስ?»

«በርሜላቸው እስኪሞላ ነዋ!»

ጠበል ቀድቼበት ልመለስ ብዬ ጭኔ ላይ ያስቀመጥኩትን ባዶ ጄሪካን፣ እኔንም ውሃ እንዳያስቀዱኝ ቀስ ብዬ እግሬ ስር አወረድኩት።