ሁለት እጥፍ ቤት ስንት ቆርቆሮ ይበላል?

በሰኔ መባቻ ኮሶዬ ላይ ወደ ጎንደር በሚወርድ ሚኒባስ ተሳፍሬ የመስኮቱን ወንበር ልይዝ ስል አንድ ጋቢ የተከናነቡ ሽማግሌ ቀደሙኝ። አያ ካሣዬ ይባላሉ። ገና ጉልበታቸውን ሳያመቻቹ ወሬ ጀመሩ። አሮጌው ቤታቸው ፈርሷል፤ የአዲሱ ግድግዳ ቆሞ ክዳን ይጠብቃል። እህሉም ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተሩፋኤልም ላስቲክ ሥር ናቸው። ቆርቆሮውን የሚጭነው የጎረቤት አይሱዙ ከጎንደር የሚመለሰው ዛሬ ብቻ ነው።

“ወለተሩፋኤልስ፣ ‘አጉድለህ ከመጣህ በደረቁ በኩል እኔ፣ በእርጥቡ በኩል አንተ ታድራለህ’ ብላኛለች” አሉኝ።

“ስንት ሊገዙ ነው?”

“ሠላሳ ስድስት። አሮጌው አሥራ ስምንት በላ። አዲሱ ርዝመቱም እጥፍ፣ ወርዱም እጥፍ ነው። ሁለት እጥፍ ቤት፣ ሁለት እጥፍ ቆርቆሮ!”

ዝም ብል ይሻለኝ ነበር። ግን የተሳሳተ ሒሳብ ሰምቼ ዝም ካልሁ ምላሴን ያሳክከኛል።

“አያ ካሣዬ፣ ይህ ግማሹን ቤት ነው የሚያለብስልዎ።”

“ምነው ልጄ! ሦስት ቤት በክንዴ ለክቼ ሠርቻለሁ። አንች ስንት ሠራሽ?”

“አንድም። ግን ክንድዎ ርዝመት ይለካል እንጂ ስፋት አይለካም።”

“የዩኒቨርሲቲ ልጅ ነሽ መሰለኝ።”

“ዩኒቨርሲቲ የገባው ወንድሜ አብዮት ነው። የጣላቸውን ደብተሮች አንሥቼ ያነበብሁ እኔ ነኝ። ዲግሪው እሱ ዘንድ፣ ሒሳቡ እኔ ዘንድ ነው። ቆሎ ይዘዋል?”

“ልትበይ?”

“ላሳይዎ።”

ቦርሳዬን ጉልበቴ ላይ አጋደምሁ። “አንዷ ፍሬ አንድ አሮጌ ቤት ናት። አንደኛ፣ በአዲሱ ርዝመት ስንት አሮጌ ቤት ይደረደራል?”

“ሁለት።”

ሁለት ፍሬ አኖርሁ። “ሁለተኛ፣ በወርዱስ?”

“ሁለት አልሁሽ እኮ!”

“እንግዲያው ከዚህ ረድፍ ጎን ሌላ ረድፍ አለ።” ሁለት ጨመርሁ። “ስንት ሆኑ?”

“ሦስት።”

“አራት!”

“ሦስት ነው፤ እይው!”

ባይ እውነትም ሦስት ነው። አራተኛውን ሽማግሌው እያኘኩት ነው።

“አያ ካሣዬ፣ ቤቱን በሉት እኮ!”

ከኋላ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ሌላ ፍሬ ተካሁ። ሒሳብ መልሶ ማረጋገጥን የሚወደው ለዚህ ነው፤ አንዱን ቤት ማን እንደበላው ሳያውቁ ውጤት መናገር አይቻልም።

“ሦስተኛ፣ ለአንዱ ቤት አሥራ ስምንት። ለፊተኛው ረድፍ?”

“አሥራ ስምንትና አሥራ ስምንት... ሠላሳ ስድስት። አላልሁሽም?”

“እዚህ ላይ ነው የወረዱት! ዛሪማ እሄዳለሁ ብሎ ሳይደርሱ ድብ ባሕር ላይ ከመኪና መውረድ። የኋለኛው ረድፍ ራቁቱን ሊያድር ነው?”

አያ ካሣዬ ማኘካቸውን አቆሙ። ጣታቸውን በፍሬዎቹ ላይ አንድ በአንድ አሳለፉ።

“ለኋለኛውም ሠላሳ ስድስት... ሰባ ሁለት! ወይ ጉዴ! በእርጥቡ በኩል ማደሬ ነበር።”

“ለሰባ ሁለት የሚሆን ይዘዋል?”

“ለቤት ምርቃት ድግስ ያሰብሁት ገንዘብ በኪሴ አለ” አሉ። “ክዳን የሌለው ቤትስ ምኑ ይመረቃል?”

እንዲህ ያለ ሸጋ መልስ ካንድ ደብተርም አላገኘሁ። በግምት የሚሠራ ሰው ሁለት ጊዜ ይደክማል፤ እህሉ ይበሰብሳል፣ መኪናው ባዶውን ይመለሳል፣ ትዳሩም በደረቅና በእርጥብ ይከፈላል። ደረጃ በደረጃ ያሰላ ግን ጎንደር ሳይደርስ ቤቱን ከድኖ ያድራል።

ስንወርድ የተረፈውን ቆሎ በሙሉ መዳፌ ላይ ገለበጡልኝ። አራቱን ፍሬዎች ግን በመሐረባቸው ጫፍ ቋጠሩ።

“እነዚያንስ?” አልኋቸው።

“ለወለተሩፋኤል ነው። ረድፉን ካላሳየኋት ድግሱ የት ሄደ ትለኛለች።”

“በመንገድ እንዳይበሏቸው!”

“አፌ እንዳይነካቸው ማልሁ” አሉና፣ ቋጠሮውን ደግመው አጥብቀው ወደ ቆርቆሮ ተራ ገሠገሡ።